የጅሬን ዳገት ክፍያ አይጠይቅም

«ምነው እንዲህ ከሳህ? ደኅና አይደለህም እንዴ?» ጅማ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የተነሣ ሰው ጥቂት ኪሎ ከላዩ መውረድ ሲጀምር ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ጠያቂዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። በኤች አይ ቪ ዘመን መክሳትን ምን ይከተለው እንደነበር በዓይናቸው አይተዋል፤ ከዚያ በፊትም ረሃብ ደጋግሞ ያለፈበት አገር ነው። አራስ ወፍራ ካልወጣች ባሏ የሚታማበት፣ ቦርጭ ያወጣ ሰው «ተመችቶሃል» የሚባልበት ባህል በአንድ ጀምበር አልመጣም፤ በአንድ ጀምበርም አይለወጥም። ግን መለወጥ አለበት። ዛሬ በሰፈሬ በቦሳ ኪቶ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ስንቀመጥ ስማቸው የሚነሣው በሽታዎች ግፊት፣ ስኳርና ስትሮክ ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች 8 በመቶው ከልክ ያለፈ ክብደት እንዳላቸው አሳይቶ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ከተማና ገጠሩ ሲለይ ግን በገጠር 4፣ በከተማ 21 በመቶ ነው። ብዙ ሰው ክብደት ልቀንስ ሲል መጀመሪያ የሚኮንነው እንጀራን ነው። እንጀራውና ቂጣው ግን በገጠሩም ቤት አለ። ልዩነቱን ያመጡት እግራችን፣ ዘይቱና ስኳሩ ናቸው ባይ ነኝ።

ከእግሩ ልጀምር። ከጅማ ዙሪያ ለገበያ የምትመጣ ሴት ሸክሟን ይዛ ዳገት ቁልቁለቱን በእግሯ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። እኛ ከቦሳ ኪቶ ሄርማታ ገበያ ለመድረስ ከበራችን ላይ ባጃጅ እንጠራለን። ባጃጅ ከተማችንን ጠቅሟታል፤ ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ ያደርሳል፣ ለብዙ ወጣትም የዕለት እንጀራ ሆኗል። ሁለት እግሩ ጤነኛ የሆነ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ግን ለአሥር ደቂቃ መንገድ ለምን ይሳፈራል?

ወጥ ቤት ደግሞ እንግባ። አንዲት ጎረቤቴ ሐኪም ክብደት እንድትቀንስ ከነገራት ወዲህ የለወጠችውን ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ድሮ የጀሪካኑን አፍ ድስቱ ላይ ዘንበል አድርጋ፣ ዘይቱን እስኪበቃት ነበር የምታንቆረቁረው። አሁን ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ትጥደዋለች፤ ሊይዝባት ሲል ውሃ ጠብ እያደረገች እስኪበስል ታቁላላዋለች፣ በርበሬውንም በዚያው ታበስላለች። ዘይቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ፣ ለሙሉ ድስት ሦስት ማንኪያ። ቤተሰቡ ወጡ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀይ ዘይት ባጣ ጊዜ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ኋላ ለመደው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይዟል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል መራመድ አለበት። ዘይት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ በማንኪያ መለካት ለኪስም ነው።

ሌላው የገበታችን ችግር ትሪው የጋራ መሆኑ ነው። አብሮ መብላትን የመሰለ ነገር የለም፤ ተዉ አልልም። ነገር ግን «በሞቴ» እየተባለ በጉርሻ ላይ ጉርሻ ሲጨመር ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ጎመኑንና ምስሩን አብዝቶ፣ እንጀራውን አንድ ቀንሶ ማቅረብ ይቻላል። ክብደት ልቀንስ ያለን ሰው ደግሞ ጉርሻ እምቢ ሲል ባንቀየመው፣ ሲከሳም ባናስደነግጠው ትልቅ እርዳታ ነው። «በርታ» እንበለው።

ስኳሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የቡና አገር ሰዎች ነን። ቡና ተዉ የሚል ምክር ከእኔ አይወጣም። ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከተጨመረበትና በቀን ሁለት ጊዜ ከተፈላ፣ ሒሳቡ 12 ማንኪያ፣ ወደ 48 ግራም ስኳር ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን አትለፉ የሚለው መጠን 50 ግራም አካባቢ ነው፤ እኛ ቡና ላይ ብቻ ጨርሰነዋል። ከዚያ ጫት ላይ የሚጠጣው ለስላሳ ይመጣል፤ አንዱ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። የጅማ አቮካዶ ራሱ ግሩም ምግብ ነው። ጁስ ቤት ስኳርና ቪምቶ ሲጨመርበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል፤ ግማሽ አቮካዶ በሎሚ ከዳቦ ጋር መብላት ይሻላል። ስኳሩን በአንድ ቀን ማቆም ያቃተው በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ይቀንስ፤ ምላስ ይለምዳል።

ይህ ሁሉ ትንንሽ ነገር ምን ያመጣል ለሚል ሰው አንድ ማስረጃ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ የተጋለጡ 3,234 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። አንደኛው ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ታገዘ፤ በአብዛኛው በእግር ጉዞ ማለት ነው። ከዚህ ቡድን በስኳር የሚያዘው ሰው ቁጥር የማስመሰያ ክኒን ከተሰጠው ቡድን ጋር ሲነጻጸር በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት የቀነሱት በ31 በመቶ ነበር። ለ80 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። እንደ ቀጭኔ መቅጠን አያስፈልግም፤ ስድስት ኪሎ ዕድሜ ይገዛል።

150 ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ለዚህ ጂም መክፈል ግድ አይደለም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት የጅሬን ዳገት ከከተማው መሐል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቻለ በእረፍት ቀኑ እስከ ላይ ይውጣ፣ ያልቻለ ከእግርጌው ይጀምር። ከሱብሂ ሶላት ወይም ከኪዳን የሚመለስ ሰው ቤቱን በረጅሙ መንገድ ዞሮ ቢገባ ግማሽ ሰዓቱን አገኘ። ሴቶች ብቻቸውን በጨለማ መውጣት እንደሚያስፈራቸው አውቃለሁ፤ የዕድር ወይም የዕቁብ ጓደኛሞች ሦስት አራት ሆነው፣ ጎህ ሲቀድ ቢወጡ ይቻላል። የጅማ ዝናብ ሲያስቸግር ደግሞ በረንዳ ላይ ገመድ መዝለል፣ ከዱካ እየተነሡ መቀመጥ አለ።

በየሱቁና በየስልኩ ስለሚነገርላቸው የክብደት መቀነሻ ሻይና ክኒን አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ አትግዙ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ምግቡን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መድኃኒቱ ባለበት ሆኖ ምግቡ ሲቀንስ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ለከተማችን አስተዳደርም የምጠይቀው አለኝ። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገድ ለእግረኛና ለስፖርት ሲዘጋ አይተናል። ጅማ ላይ በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት አንድ መንገድ ከመኪናና ከባጃጅ ነጻ ይደረግልን። ሕፃናቱም፣ እናቶቻችንም ወጥተው ይራመዱበት።