«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ያለው የትኛው ፓርላማ ነው?

መርካቶም ግቡ፣ ፒያሳም ውጡ፣ ከባንኮኒው በላይ የተለጠፈች አንዲት ወረቀት አታጡም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ትላለች። ባለሱቁ ከነጋሪት ጋዜጣ የተገለበጠች አስመስሎ ሰቅሏታል፤ ሸማቹም እንደ አዋጅ ተቀብሏት አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

ኧረ ለመሆኑ ይህን ሕግ ማን አወጣው? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የደነገገው የዚህን ተቃራኒ ነው። የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ በ15 ቀን ውስጥ የግዢ ማስረጃ ይዞ «ወይ ቀይርልኝ፣ ወይ ገንዘቤን መልስ» ማለት መብት ነው ብሏል። ማስረጃው እንግዲህ ደረሰኝ ነው። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» የምትለዋ ብልጠት የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ብር ቀነሰልኝ ብሎ ደስ ያለው ገዢ፣ ማክሰኞ የገዛው ጫማ ዓርብ አፉን ሲከፍት የሚከራከርበት ወረቀት የለውም። (መንግሥት ስለ ደረሰኝ አጥብቆ የሚጮኸው ለግብሩ እንጂ ለጫማችን እንዳልሆነ ማንም ያውቃል።)

መብቱስ ይሁን፤ አቤት የሚባለው የት ነው? ቢያንስ ስሙ ራሱ የሚናገር መሥሪያ ቤት ነበረን፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን። አዋጁ የዳኝነት ችሎት ሳይቀር ሰጥቶት ነበር። በ2014 ዓ.ም. አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች እንደገና ሲደራጁ ባለሥልጣኑ ፈረሰና ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃለለ። የአገሩን ንግድ ሁሉ በተሸከመ ሚኒስቴር ውስጥ የአንዲት እናት የተበላሸ ዘይት ስንተኛ ተራ ላይ ትገኝ ይሆን? የፈረሰው መሥሪያ ቤትም ቢሆን እንከን የለሽ አልነበረም። ግን በሩ ይታወቅ ነበር።

አሁን ያሉትን በሮች መቼም ማወቅ ግድ ነው። ሚዛን የሚቀሽብ፣ ዋጋ የማይለጥፍ፣ «አልቀይርም» የሚል ነጋዴ ሲገጥም መነሻው የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው ንግድ ጽ/ቤት ነው። ሙዝ የተለወሰበት ቅቤ፣ የሸክላ ዱቄት የገባበት በርበሬ፣ ጀሶ የበላች እንጀራ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። 8482 ነፃ መስመሩ ነው።

አንጀት የሚያሳርረው ግን የስልኩ ሌብነት ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን የተላከልዎትን ቁጥር ያንብቡልን» ይላል ትሁት ድምፅ። ያቺ ቁጥር የካዝና ቁልፍ ናት። ከተነበበች በኋላ ገንዘቡ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ተሻግሮ እስኪወጣ ደቂቃዎች ይበቁታል። ስለዚህ ለጎረቤት ከማውራት በፊት ወደ ባንኩ፣ በቴሌብር ከሆነም ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ደውሎ ሂሳቡ እንዲታገድ መጠየቅ ነው። የደዋዩን ቁጥርና የዝውውሩን መልእክት ሳያጠፉ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ። ፖሊሱ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ሊሸኛችሁ ከሞከረ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 692 ጥቀሱለት። «አታላይነት» ይለዋል፤ እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

የኛ ሰው ግን ተበልቶ ዝም ይላል። «የተማርኩ ሰው ሆኜ በስልክ ተበላሁ» ማለቱ ያሳፍረዋል። «ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ» ይልና ይተኛል። ሌባው ደግሞ በዚህ ዝምታ ተማምኖ ቀጣዩን ስልክ ይመታል።

ዝም ያለው ሁሉ ግን ሰነፍ አይደለም። ባንኩ «የፖሊስ ደብዳቤ አምጡ»፣ ፖሊሱ «መጀመሪያ ባንኩ ያጣራ»፣ ንግድ ቢሮው «እኛን አይመለከትም» እያለ ሲያመላልሰው፣ ለ500 ብር አቤቱታ ከዚያ የሚበልጥ የታክሲ ሒሳብ የከፈለ ሰው ተስፋ ቢቆርጥ ይፈረድበታል እንዴ? ተበዳዩ የመሥሪያ ቤቶችን የሥልጣን ክልል አጥንቶ እንዲመጣ መጠበቅ ግፍ ነው። አቤቱታ የደረሰው የትኛውም ቢሮ ይቀበል፤ ቀንና ቁጥር ጽፎ ቅጂውን ለአመልካቹ ይስጥ፤ ጉዳዩ የሌላ ቢሮ ከሆነም ራሱ ያስተላልፍ። ወረቀቷ ትመላለስ እንጂ ሽማግሌው ለምን ይመላለሳሉ? ይህ ደግሞ አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይጠይቅም። ሚኒስቴሩም በዓመት ስንት የሸማች አቤቱታ እንደደረሰው፣ ለስንቱ ገንዘቡን እንዳስመለሰ፣ ስንቱን «አይመለከተንም» ብሎ እንደሸኘ በጋዜጣ ያውጣልን።