የሕዝብ እንደራሴነት ከቀበሌ ይጀምራል

የአንድ አገር ሸንጎ የሚጸናው በአዳራሹ ስፋትና በአባሎቹ ብዛት አይደለም፤ መራጩ ሕዝብ እንደራሴውን ሲያምነው፥ እንደራሴውም የላከውን ሕዝብ ሲያስብ ነው።

በኢትዮጵያ የእንደራሴነት ሥራ ደረጃ በደረጃ አድጓል። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ፥ የሕግ መምሪያዎቹም በመኳንንትና በአገረ ገዢዎች ይመረጡ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ አባሎችን ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ የፌዴራል ሥርዓትን አቆመ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባሎች ከ550 እንዳይበልጡ፥ ከነዚህም ቢያንስ 20 ወንበር ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች እንዲሆን ደነገገ። በፌዴሬሽን ምክር ቤትም እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ተወካይ፥ በየ1 ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ተወካይ እንዲኖረው ወሰነ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን የላይኛው ሸንጎ የቱን ያህል ቢስተካከል፥ የታችኛው ካልታደሰ ሥራው ግማሽ ሆኖ ይቀራል። የምንጩ ውኃ የደረቀበት፥ የልጁ ትምህርት ቤት ጣሪያው ያፈሰሰበት፥ የመሬቱ ወሰን የተነካበት ባላገር አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ቀበሌውና ወደ ወረዳው ነው። ሕገ መንግሥቱም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኞቹ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. ከተደረገው የአካባቢ ምርጫ በኋላ፥ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የሚገባው ምርጫ ተላለፈ። ለመተላለፉ የጸጥታ ችግር ምክንያት ቢሆንም፥ ዘመኑ ያለፈበት ምክር ቤት የሕዝብ አደራ ይዞአል ለማለት ያስቸግራል። የላይኛውን ብቻ ማሰብ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚያሰኝ ነው።

በዚህ ነገር የሕንድ አገር ሥራ ትምህርት ይሰጣል። ሕንድ በ1985 ዓ.ም. በሥራ ላይ ባዋለችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመንደር ምክር ቤቶች ዘመን 5 ዓመት እንዲሆን፥ ምክር ቤቱ ቢበተንም በ6 ወር ውስጥ ምርጫ እንዲደረግ፥ ምርጫውን በየክፍለ ግዛቱ የተቋቋመ ኮሚሲዮን እንዲመራው፥ ከመቀመጫውም ቢያንስ ሲሶው ለሴቶች እንዲሆን ደንግጋለች። የታችኛውን ምክር ቤት ዕድሜ በሹማምንት ፈቃድ ላይ ሳይሆን በሕገ መንግሥት ላይ አቆመችው።

የመቀመጫ ድልድልም ከቆጠራ ጋር የተያያዘ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሕዝብ በየ10 ዓመቱ እንዲቆጠርና የምርጫ ክልሎች በዚያ መሠረት እንዲወሰኑ ሲያዝ፥ ከ1999 ዓ.ም. በኋላ የሚቀጥለው ቆጠራ በጊዜው አልተደረገም፤ በ2011 ዓ.ም.ም እንደ ገና ተላልፏል። ሕዝብ ሳይቆጠር ወንበር በትክክል ሊከፈል አይችልም።

ስለዚህ የሚገባው ሥራ ሦስት ነው። የመጀመሪያው፥ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ቀን በቀላሉ እንዳይተላለፍ በሕግ ማጽናት ነው። ሁለተኛው፥ ቆጠራውን አካሂዶ ድልድሉን በእውነተኛ ቁጥር ላይ መመሥረት ነው። ሦስተኛው፥ መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ ለማንሳት ሕገ መንግሥቱ የሰጠውን መብት በየቀበሌው ማስታወቅ ነው። መብቱን የማያውቅ መራጭ ድምፁን ሰጥቶ ከመመለስ በቀር ሌላ ሥልጣን ያለው አይመስለውም።

ቤት የሚሠራው ከመሠረቱ እንጂ ከጉልላቱ አይደለም። የፌዴራሉ ሸንጎ እንዲከበር የሚወድ ሁሉ አስቀድሞ የቀበሌውን ሸንጎ ሊያከብር ይገባዋል።