ማኅደሩ የማን ነው?

ለመሆኑ በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ ቤት፣ ስምዎ የተጻፈበት ፋይል ውስጥ ምን ምን እንዳለ ያውቃሉ? ይህን ጥያቄ በቅድሚያ የማቀርበው ለትምህርት ክፍላችን መምህራንና ለአስተዳደር ሠራተኞቻችን ነው። ለእኛ ለተማሪዎችም ቢሆን ጥያቄው ሩቅ አይደለም። ዛሬ ሬጅስትራር ዘንድ ፋይል አለን። ነገ ስንመረቅ ደግሞ ከመካከላችን ቀላል የማይባለው በአንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሆኖ ይቀጠራል። ያን ቀን የመጀመሪያ ሥራው ዜና መጻፍ ሳይሆን የሕይወት ታሪክ ፎርም መሙላት ነው።

ፎርሙ ደግሞ ትንሽ አይጠይቅም። የትውልድ ዘመን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ ቀድሞ የተሠራበት ቦታ ሁሉ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ዓመታት እየነጎዱ ሲሄዱ ፋይሉም እየወፈረ ይሄዳል። የዕድገት ደብዳቤ፣ የዓመት ፈቃድ፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ከፍርድ ቤት የመጣ የደመወዝ ቅነሳ ትእዛዝ በላይ በላዩ ይታሰራል። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው ማኅደር ሲገለጥ የሰውየው ግማሽ ሕይወት ነው የሚገለጠው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኛ ባለንበት በጉለሌ ብቻ ስንት እንዲህ ያለ ፋይል እንዳለ አስቡት። የክፍለ ከተማውና የወረዳዎቹ ጽሕፈት ቤቶች፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ያሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ አሁንም ድረስ «ፓስተር» እያልን የምንጠራው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ሁሉም ሠራተኛ አላቸው፤ ሠራተኛ ባለበት ሁሉ ደግሞ ማኅደር አለ። ጥያቄዬ ታዲያ ማኅደሩን ማን ያየዋል የሚል ነው።

ሕጉ ምን ይላል ብለን እንነሣ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 እና በ2010 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1064 በዚህ ነገር ላይ መንፈሳቸው አንድ ነበር። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን መረጃ አሟልቶ ይይዛል። ሠራተኛው የራሱን ማኅደር የማየትና ኮፒ የማግኘት መብት አለው። ሥልጣን ያልተሰጠው ሌላ ሰው ግን ማኅደሩን ማየት አይፈቀድለትም። ሠራተኛው ሳያውቅም ምንም ዓይነት ሰነድ ማኅደሩ ውስጥ አይገባም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ጸድቋል። የከተማው አስተዳደርም ለራሱ ሠራተኞች የራሱ አዋጅ አለው። እንግዲህ የሕግ ድርቅ አልመታንም ማለት ነው። በሕጉ መንፈስ ማኅደሩ ለባለቤቱ ክፍት፣ ለሌላው ዝግ ነው።

በተግባር የማየው ግን የተገላቢጦሹን ነው። ማኅደሩ ለባለቤቱ ዝግ፣ ለሌላው ክፍት ነው!

እናቴ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ የት እንደምትሠራ አልናገርም። አንድ ጊዜ ታማ የሁለት ሳምንት የሕመም ፈቃድ ወሰደች። ፈቃዱን የሚገልጸው ደብዳቤ ተጻፈ፤ የሕመሟም ዓይነት በደብዳቤው ላይ ሰፈረ። ወደ ሥራ በተመለሰች ቀን ከሌላ ክፍል የመጣች፣ ከሰላምታ በቀር ብዙም የማታውቃት ሴት በደረጃው ላይ አግኝታ «እትዬ፣ ኩላሊትዎን ተሻለዎት?» አለቻት። ሴትየዋ ክፉ አላሰበችም፤ ምሕረት ነው የተመኘችላት። እናቴ ግን ሕመሟን ከቤተሰብ ውጭ ለማንም አልነገረችም ነበር። በዚያው ዓመት ለሥራ ልምድ ማስረጃ ብላ የራሷን ፋይል ለማየት ስትጠይቅ ደግሞ የተሰጣት መልስ «ለምን ፈለግሽው? ማመልከቻ ጽፈሽ ነይ» የሚል ነበር። ማመልከቻ ጻፈች። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ተባለች። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ሰኞ ነይ... የቀረውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ይህ ወሬ ከየት ይወጣል? ብዙ ጊዜ ማንም ሰርቆ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ ተመልከቱ። «ግልባጭ» ይልና ለፋይናንስ፣ ለሰው ኃይል፣ ለኦዲት፣ ለቅርብ ኃላፊው፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለግል ማኅደር እያለ ይወርዳል። አንዲት ደብዳቤ ስድስት ሆና ትወጣለች። ስድስቱንም ተላላኪው በእጁ ይዞ ይዞራል፤ በየክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ተገልጠው ይውላሉ። ፋይናንስ ማወቅ የሚያስፈልገው ሠራተኛዋ ስንት ቀን ከሥራ እንደምትቀር ነው። ኩላሊቷ ለፋይናንስ ምን ያደርግለታል? ዛሬ ደግሞ ከግልባጩ የባሰ መጣ። የሠራተኞች ስም ዝርዝር፣ ምደባ፣ የፈተና ውጤት በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይለቀቃል። ድሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የሚያየው ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነበር። አሁን ግን ዱባይ ያለ ዘመድም ያየዋል።

አርጅቶ የተጣለው ወረቀትስ? ቆሎ ገዝታችሁ የተጠቀለለበትን ወረቀት ገልብጣችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንብቤ አውቃለሁ። ማኅተም ያለበት፣ ስምና ደመወዝ የተጻፈበት ደብዳቤ ነበር። የማን መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር። ቆሎው አለቀ፤ የሰውየው ስም ግን እጄ ላይ ቀረ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ማን ምን ሊያደርገው ነው?» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ጉዳቱን በብር እንቁጠረው። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው በማኅደሩ ነው። በመደበኛው የጡረታ ዕድሜ፣ በ60 ዓመቱ፣ መውጣቱ የሚታወቀው በተቀጠረ ጊዜ ባስመዘገበው የልደት ዘመን ነው። አበሉ የሚሰላው ደግሞ በአገልግሎት ዘመኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ የተተካው የ2003ቱ የጡረታ አዋጅ ያስቀመጠው ስሌት እንዲህ ነበር። አሥር ዓመት ላገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። እንግዲህ አንድ ሰው ድሮ በሌላ ወረዳ የሠራባቸው አራት ዓመታት ማስረጃ ከፋይሉ ጠፋ እንበል። አራት ጊዜ 1.25 አምስት በመቶ ነው። አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር ከነበረ በየወሩ 300 ብር፣ በዓመት 3,600 ብር፣ ዕድሜ ልኩን ይቀርበታል። የጠፋው ወረቀት አንድ ገጽ ነው። ባለቤቱ በሥራ ላይ ሳለ ፋይሉን አንድ ቀን አይቶት ቢሆን ኖሮ «ይህ ጎድሏል» ይል ነበር። በስልሳ ዓመቱ ቢያውቀው ግን ማስረጃውን የጻፈው ኃላፊ ሞቷል፤ መሥሪያ ቤቱም ሦስት ጊዜ ስሙን ቀይሯል።

ሌላም አለ። በ1999ኙ አዋጅ ቀላል የዲሲፕሊን ቅጣት በሪከርድነት የሚቆየው 2 ዓመት፣ ከባዱ 5 ዓመት ነበር። ሕጉ ሰው ይሳሳታል፣ ይታረማል ብሎ ያምናል ማለት ነው። ወረቀቱ ግን ቀን መቁጠር አያውቅም። አሥር ዓመት ያለፈው ማስጠንቀቂያ ፋይሉ ውስጥ ተኝቶ፣ ለዕድገት የተቀመጠው ኮሚቴ ማኅደሩን ሲገልጥ ዓይን ውስጥ ይገባል። ማንም በቃለ ጉባኤ ላይ «ለዚህ ነው የጣልነው» ብሎ አይጽፍም። ባለማኅደሩም ለምን እንደወደቀ ሳያውቅ ይኖራል።

የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን ወገን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። እነሱ የሚሉት እውነት አለው። ሰው ሁሉ ፋይሉን እየገለጠ ከነካ ገጽ ይቀደዳል፤ የማይፈልገውን ማስጠንቀቂያ መዥርጦ የሚሄድም አለ። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ አገሩን ባጥለቀለቀበት ጊዜ መሥሪያ ቤት ከመሥሪያ ቤት ተጻጽፎ ማረጋገጡም ግድ ነው። ደግሞስ ለስንት ሺህ ፋይል ሁለት ሰው፣ አንድ ጠባብ ክፍልና አቧራ ሰጥቶ «ጠብቅ» ማለት ፍርድ ነው? ነገር ግን ለዚህ ሁሉ መልሱ ባለቤቱን ማራቅ አይደለም። ሠራተኛው እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ የመዝገብ ቤቱ ሰው እያየው ቢያነብ ማን ይቀዳል? ማስረጃ ሲጣራም የሚጠየቀው ዲግሪው እውነተኛ ነው ወይ የሚለው እንጂ የልጆቹ ስም አይደለም።

«ጋዜጠኛ ልትሆን እየተማርክ ስለ ምስጢር ትሟገታለህ?» የሚሉኝ የክፍል ጓደኞች አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 መረጃ የመጠየቅ መብት ሲሰጠን የሦስተኛ ወገንን የግል መረጃ ግን ለይቶ አስቀምጧል። መንገዱ እዚህ ላይ ነው የሚለየው። አንድ ኃላፊ በምን ዲግሪ፣ በምን ውድድር፣ በየትኛው ደረጃ እንደተሾመ ሕዝብ ማወቅ አለበት፤ ደመወዙን የሚከፍለው ሕዝብ ነውና። የኃላፊው ኩላሊት፣ የሚስቱ ስም፣ የእናቱ ሕመም ግን የእኛ ዜና አይደለም። እኛ አገር የሚያስቀው፣ ስለ ሹመት ስንጠይቅ «የግል መረጃ ነው» ብሎ የሚዘጋው መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኛዋን የሕመም ፈቃድ ለስድስት ክፍል መበተኑ ነው። የትልቁ ይደበቃል፣ የትንሹ ይበተናል።

«ኮምፒውተር ሲገባ ይስተካከላል» የሚለውን ተስፋም ቀስ ብለን እንየው። ፋይዳ መታወቂያ መጥቷል፤ ሕጉ በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ታውጇል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የጤና መረጃን ከሌላው አብልጦ እንዲጠበቅ ያዛል፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይና እንዲያስተካክል መብት ይሰጣል። በጣም ደስ ይላል። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የነበረው ልማድ ኮምፒውተሩም ውስጥ ተከትሎ ይገባል። አንድ የይለፍ ቃል ለአምስት ሰው ከተሰጠ ከተከፈተ ቁም ሳጥን በምን ይሻላል? ሀብታም አገርም ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ በሰርጎ ገቦች እንደተወሰደበት አስታውቋል፤ የ5.6 ሚሊዮኑ የጣት አሻራ ጭምር። የይለፍ ቃል ይለወጣል፤ አሻራ ግን በምን ይለወጣል? የእኛ መዝገብ ቤት የሚዘረፈው አንድ ፋይል በአንድ ጊዜ ነው። ኮምፒውተሩ ግን በአንድ ሌሊት ሁሉንም ያስረክባል።

እኔ በበኩሌ ትልቅ በጀት የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች ይበቃሉ እላለሁ። አንደኛ፣ የሕመም ፈቃድ ደብዳቤ ላይ የቀኑ ብዛት ብቻ ይጻፍ፤ የሕመሙ ዓይነት በታሸገ ፖስታ ማኅደሩ ውስጥ ይቅር። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ፋይል መክፈቻ ላይ አንድ ገጽ ይታሰር፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን ጉዳይ እንዳየው ተጽፎ ይፈረምበት። መዝገብ ቤት የገቢና የወጪ ደብዳቤ መመዝገብ ለምዷል፤ ይህ ከዚያ አይከብደውም። ኮምፒውተር ሲገባም ይኸው ገጽ አብሮት ይግባ። ሦስተኛ፣ ሠራተኛው የሥራ አፈጻጸም ምዘናውን አይቶ በሚፈርምበት ቀን ማኅደሩም አብሮ ይቅረብለት፤ የጎደለውን ያስሞላ፣ ጊዜው ያለፈበትን ያስወጣ፣ «አይቻለሁ» ብሎ ይፈርም።

አበው ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። የማኅደሩ አጥር የሚነቀነቀው ባለቤቱ በአጠገቡ ታይቶ ስለማያውቅ ይመስለኛል። ስለዚህ ውድ መምህራን፣ በዚህ ሴሚስተር አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰው ኃይል ጎራ ብላችሁ «ፋይሌን ማየት እፈልጋለሁ» በሉ። «ለምን?» ከተባላችሁ «የእኔ ስለሆነ» በቂ መልስ ነው። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ሬጅስትራር ሄደን ስማችን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተጻፈ፣ የልደት ዘመናችን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃችን ጋር መግጠሙን ከአሁኑ እንይ። ዛሬ የተሳሳተች አንዲት ፊደል በምረቃችን ማግሥት ስንት ቢሮ እንደምታዞረን የቀደሙን ተመራቂዎች ይነግሩናል።

ቸር እንሰንብት።