የተሸመደደ መልስና የጅግጅጋ ቅርንጫፍ

“ፈተናውን መቼ ነው የምትወስደው?” ተብሎ የተጠየቀ ወጣት የኔትወርክ ባለሙያ ዛሬ የሚሰጠው መልስ “ዳምፑን ስጨርስ” የሚል ሆኗል። ዳምፕ የሚባለው ከፈተና ክፍል ሾልከው የወጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው የተሰበሰቡበት ፋይል ነው። በቴሌግራም ይሸጣል፣ በነፃም ይታደላል፣ በፍላሽ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይተላለፋል። የኔትወርክ መሣሪያ አምራቾቹ የሲስኮም ሆነ የፎርቲኔት ተፈታኝ ጥያቄዎቹን ለማንም ላለማውጣት ተስማምቶ እንደሚፈተን፣ ይህን ሲጥስ የተገኘ ሰው ሰርተፊኬቱ ሊሰረዝበት እንደሚችል የማያውቅ የለም። ያም ሆኖ ነገሩ እንደ ነውር መቆጠሩ ቀርቷል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰውዬው ፈተናውን አልፎ ሥራ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚሆነው ነው።

ኤስዲ-ዋን የተባለውን ቴክኖሎጂ እንመልከት። አንድ ባንክ ወይም ሆስፒታል ቅርንጫፎቹን ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚያገናኝባቸው ሁለትና ሦስት መስመሮች ይኖሩታል፤ ፋይበር፣ የሞባይል ዳታ፣ አንዳንዴም ሳተላይት። በየቅርንጫፉ የተቀመጠው ፋየርዎል መስመሮቹን ያለማቋረጥ እየለካ ለየትኛው ሥራ የትኛው እንደሚሻል ይመርጣል። እኛ አገር ይህ ምርጫ እውነተኛ ምርጫ መሆን የጀመረው ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት የምድር መስመር የገዛ ድርጅት ሁለቱንም የሚገዛው ከኢትዮ ቴሌኮም ነበርና አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ተከትሎት ሊወድቅ ይችል ነበር። ዛሬም ቢሆን ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም መሠረተ ልማት ስለሚከራይ በውሉ ላይ ሁለት የሆነው መስመር መሬት ውስጥ አንድ ፋይበር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን አውቆ መሥሪያ ቤቱን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያው የሚነግረውን ማንበብ የሚችል ሰው ብቻ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለኔትወርክ ሥራ አመልካቾችን ሲያወዳድር ከጠያቂዎቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። ከገቡት አንዱ ጥሩ ሰርተፊኬት የያዘ፣ አነጋገሩ የታረመ ወጣት ነው። የመስመሮቹ ጤንነት በየትኛው ኮማንድ እንደሚታይ ሲጠየቅ ሳያመነታ “ዲያግኖስ ሲስ ኤስዲዋን ሄልዝ-ቼክ” አለ። ትክክል ነው። ከዚያ የዚያው ኮማንድ ውጤት በወረቀት ታትሞ ፊቱ ቀረበ። ሁለት መስመሮች አሉ፤ ሁለቱም “አላይቭ” ይላሉ። ፓኬት ሎስ (በመንገድ የጠፋው ፓኬት)፣ ሌተንሲ (መዘግየቱ) እና ጂተር (የመዘግየቱ መዋዠቅ) በተራ ተዘርዝረዋል። መጨረሻ ላይ “ኤስኤልኤ ማፕ” የሚል ቦታ አለ፤ የአንደኛው መስመር አንድ፣ የሁለተኛው ዜሮ ይላል። “ለገንዘብ ዝውውሩ መስመር በጥራት ይመረጥ ተብሎ ከታዘዘ በየትኛው ይሄዳል?” ተባለ። ልጁ ወረቀቱን አገላብጦ አየውና “ሁለቱም አላይቭ ስለሆኑ በሁለቱም” አለ። ዜሮው ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ በትሕትና “ምርጫዎቹን ቢነግሩኝ?” ሲል ጠየቀ።

ዜሮው መስመሩ በሕይወት ያለ ነገር ግን ከተቀመጠለት የጥራት ደረጃ አንዱንም ያላሟላ መሆኑን ነው የሚናገረው። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ እንዳጠና ያስታውቃል። ያጠናው ግን ጥያቄውን ከሀ እስከ መ ካሉት ፊደላት ጋር ማጋጠምን ነው፤ የተበላሸ መስመር ደግሞ አራት አማራጭ ይዞ አይመጣም። ከእሱ በኋላ የገባው አመልካች የጠራው ኮማንድ “ቨርቹዋል ዋን ሊንክ” የሚል ነበር። ያ ስም የፎርቲኔት ፋየርዎል ሶፍትዌር ከሆነው ፎርቲኦኤስ ስሪት 6.4 ጀምሮ ተቀይሯል። ልጁ የሸመደደው አሮጌ ዳምፕ እንደነበር ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጉዳቱ የት እንደሚወድቅ በአንድ ቁጥር ላሳይ። የፎርቲኔት ፋየርዎል በሆነው ፎርቲጌት ላይ አዲስ የጥራት ደረጃ ሲከፈት፣ ሰው ካልነካው፣ የሌተንሲው ጣሪያ 5 ሚሊሰከንድ ሆኖ ይመጣል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ባንክ ጅግጅጋ ላይ ቅርንጫፍ አለው እንበል። ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ መንገዱን ተከትሎ በተዘረጋ ፋይበር ደርሶ መልሱ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው ማለት ነው። በመሃል አንድም ራውተር ባይኖር፣ አንድም መጨናነቅ ባይፈጠር፣ ከጅግጅጋ የተላከ መለኪያ አዲስ አበባ ደርሶ ከ6 ሚሊሰከንድ በታች ሊመለስ አይችልም። የተፈጥሮ ሕግ አይፈቅድም። ጣሪያው 5 ላይ እንደተተወ ከሆነ ታዲያ ጤነኛው ፋይበርም፣ እየተቆራረጠ ያለው የሞባይል ዳታም እኩል ዜሮ ያገኛሉ። መሣሪያው ሁለቱን በጥራት መለየት ሲያቅተው በተሰጣቸው ዋጋና በቅደም ተከተላቸው ወደ መምረጥ ይመለሳል። በዝርዝሩ ፊተኛ ተደርጎ የተጻፈው መስመር ቢታመም እንኳ ጨርሶ እስኪሞት ድረስ ሥራው በእሱ ይሄዳል። በጅግጅጋው ቅርንጫፍ መስኮት ላይ የተሰለፈው ነጋዴ “ሲስተም የለም” ይባላል፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚያየው ባለሙያ ደግሞ ሁለቱም መስመሮች “አላይቭ” ስለሚሉት ችግሩ ከቅርንጫፉ ነው ብሎ ስልኩን ይዘጋል።

ከዚህም የከፋ አለ። መለኪያውን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር በመላክ ፈንታ፣ በማስተማሪያ ምሳሌዎች ላይ እንዳዩት፣ ውጭ አገር ወዳለ የታወቀ አድራሻ የሚልኩ አሉ። የእኛ ትራፊክ ባሕር ማዶ የሚደርሰው በጎረቤት አገሮች በኩል ከባሕር ኬብል ጋር ተገናኝቶ ነው። ያኔ መሣሪያው ቀኑን ሙሉ ሲለካ የሚውለው የባሕር ማዶውን መንገድ ይሆንና ቅርንጫፉን ከባንኩ ጋር የሚያገናኘውን መስመር የሚለካው አይኖርም።

ወጣቶቹን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። የሲስኮ ሲሲኤንኤ ፈተና 300 ዶላር ነው። የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ፣ ይህ 17 ሺህ ብር ያህል ነበር። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ክፍያው ከ30 ሺህ ብር በላይ ሆነ፤ ለብዙ ጀማሪ ከወር ደመወዙ የሚበልጥ ገንዘብ ነው። ዶላሩን በካርድ መክፈል ስለማይችል ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ይለምናል። ዘመድን ሁለት ጊዜ መለመን ደግሞ ይከብዳል። አንዴ ወድቆ እንደገና የመሞከር ዕድል የሌለው ሰው እርግጠኛ የሚመስለውን መንገድ ቢይዝ አይገርመኝም። የሥራ ማስታወቂያዎቻችንም “ሰርተፊኬት ያለው” ብለው ያቆማሉ፤ የጨረታ ሰነዶቻችንም ስንት ሰርተፊኬት ያላቸው ባለሙያዎች እንዳሉ ይቆጥራሉ። ወረቀት ብቻ የሚጠይቅ ቀጣሪ ወረቀት ብቻ ያገኛል።

ይህ አገር የሾለከ ፈተና ምን እንደሚያመጣ ከማንም በላይ ሊያውቅ ይገባው ነበር። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ በመሰራጨቱ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል፤ በቀጣዩ ዓመት ፈተናው እንዳይወጣ ተብሎ ኢንተርኔት እስከ መዝጋት ተደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያንን ውጤት ሰምቶ ያላዘነ ወላጅ አልነበረም። ያው ልማድ ግን ሰውን ወደ ሥራ በሚያስገባው ፈተና ላይ እንዲቀጥል ፈቅደንለታል። እዚህ ደግሞ የሚጎዳው ተፈታኙ ራሱ ሳይሆን ፈተናው መኖሩን እንኳ የማያውቀው የጅግጅጋ ነጋዴ ነው።

በሌላ መንገድ የሚያጠኑ ልጆች አሉ፤ አይቻቸዋለሁ። በተከራዩት ቤት ሳሎን ተሰብስበው፣ ከመካከላቸው ሚሞሪው ከፍ ያለ ላፕቶፕ ባለው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ኢቪኢ-ኤንጂ የተባለውን የኔትወርክ ማስመሰያ ሶፍትዌር ጭነው፣ በምናባዊ መሣሪያዎች ሁለት ቅርንጫፍና አንድ ዋና መሥሪያ ቤት ይሠራሉ። ፎርቲኔት በ2012 ዓ.ም. በነፃ የከፈታቸውን ኮርሶች አውርደው ያነባሉ። ከዚያ አንዱ መስመር ላይ ሆን ብለው 300 ሚሊሰከንድ መዘግየት ይጨምሩና ስክሪኑን ይከታተላሉ። ኤስኤልኤ ማፑ ከአንድ ወደ ዜሮ ሲወርድ፣ ትራፊኩም ወደ ሌላው መስመር ሲዞር ሁሉም እኩል ይጮኻሉ። አንድ ምሽት ግን አልዞረም። ደንቡ በትክክል ተጽፏል፣ መለኪያውም ይሠራል፤ ትራፊኩ ግን የኤስዲ-ዋኑን ደንብ እንደሌለ ቆጥሮ ያልፋል። ሲፈልጉ ቆይተው አንዷ ልጅ ራውቲንግ ቴብሉን (የመንገዶቹን ሰንጠረዥ) ከፈተችና በሁለተኛው መስመር ወደ መድረሻው የሚያደርስ ራውት ጨርሶ እንዳልተጻፈ አገኘች። ፋየርዎሉ ደንቡ ያዘዘውን ከመፈጸሙ በፊት በዚያ መስመር መድረሻ መኖሩን ያያል፤ ራውት ከሌለ መስመሩን ይዘለዋል። ከዚያ ምሽት በኋላ ከእነዚያ ልጆች አንዱም ይህን ነገር አይረሳም።

የሰው ኃይል ክፍሎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለኔትወርክ ሥራ የመጣ አመልካች ፊት ሆን ተብሎ የተበላሸ ላብራቶሪ ይቀመጥ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሠራተኛው እንዲፈተን የሚፈልግ መሥሪያ ቤት የፈተናውን ዶላር ራሱ ይክፈል፤ አንድ ጊዜ ቢወድቅም ሁለተኛውን ይክፈል፤ ልጁ ያለ ፍርሃት እንዲያጠና። ፋየርዎላቸው ዘመኑ አልፎ የተቀየረባቸው ድርጅቶችም የድሮዎቹን መሣሪያዎች በንብረት ክፍል መጋዘን አቧራ እንዲጠጡ አይተዋቸው። በውስጣቸው ያለውን መረጃ አጥፍተው፣ ወደ ፋብሪካ ቅንብራቸው መልሰው፣ ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና ለዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪዎች ያስረክቡ። ፈቃዳቸው ያለቀ ቢሆን እንኳ ኬብል ተነቅሎ ሲሰካ መስመር እንዴት እንደሚወድቅና እንደሚነሳ ለማየት ይበቃሉ።