ጅማ ወይስ ድሬዳዋ? እኔ ዝናቡን መርጫለሁ

በዚህ እትም የምጽፈው ስለ አንድ የቤታችን ጉዳይ ነው። የቤታችሁ ጉዳይ እዚህ ምን አመጣው እንዳትሉኝ። ባለፈው ዓመት ከእኛ ክፍል ብቻ ሦስት ልጆች በወላጆቻቸው ዝውውር ምክንያት ከተማ ቀይረዋል። ነገ የእናንተም ተራ ሊሆን ይችላል።

የአባቴ መሥሪያ ቤት ከክረምቱ በኋላ ከአዲስ አበባ ውጭ ሊመድበው ነው። ሁለት ከተማ ሰጥተውት «ምረጥ» ብለውታል፤ ጅማ ወይም ድሬዳዋ። መልሱን የሚሰጠው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ሥራውም ደመወዙም ሁለቱም ጋ አንድ ነው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ክርክሩ ሁሉ ስለ አየሩ ሆነ። አጎቴ፣ ጎረቤቶቻችን፣ የክፍል ጓደኞቼ ሳይቀሩ «ኧረ ድሬ ይሻላችኋል! ፀሐይ ነው፣ ጭቃ የለ፣ ብርድ የለ» ይላሉ። ጅማ ሲባል ደግሞ «ዝናብ ሊጨርሳችሁ!» ነው። እኔ ግን ጅማን ነው የምለው። ለምን እንደሆነ ስሙኝ።

መጀመሪያ አጎቴን ልጠይቀው። ድሬዳዋን ያየው መቼ ነው? በታኅሣሥ፣ ለቁልቢ ገብርኤል የሄደ ጊዜ። ጅማንስ? በሐምሌ። እንዲህ ዓይነት ማወዳደር አለ እንዴ? በታኅሣሥ ድሬ ቀኑ ሞቅ፣ ማታው ቀዝቀዝ ያለ፣ ደስ የሚል አየር ነው። ግን ከተማ ቀይሮ የሚኖር ሰው ግንቦትንና ሰኔንም እዚያው ነው የሚያሳልፈው። ያን ጊዜ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለዚህ ነው እኩለ ቀን ላይ ሰው ቤቱ ገብቶ የሚያርፈውና ከተማዋ ማታ ማታ የምትደምቀው። ማታዋ ደስ እንደሚል አልክድም፤ የከዚራን የዛፍ ጥላም ያየ ሁሉ ያወራለታል። እኛ ግን የቤት ሥራ የምንሠራው ከሰዓት በኋላ ነው!

ደግሞ ሰው ዝናብንና ብርድን አንድ ያደርጋቸዋል። የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራችን እንዳስተማሩን ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጅማ ደግሞ 1,700 ሜትር አካባቢ። እንግዲህ አስሉት፤ ጅማ ከእኛ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ትሞቃለች ማለት ነው። በዓመት ውስጥ ከእኛ የበለጠ ይዘንባል እንጂ ከእኛ የበለጠ አይበርድም። በሐምሌና በነሐሴማ የአዲስ አበባን ዝናብ የለመደ ሰው ጅማን ምን ብሎ ይፈራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዋናው ነገር ውሃ ነው።

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የተማርነውን ታስታውሳላችሁ? 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፣ ድሬዳዋ ወደ 600። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይልም፤ ስለዚህ በጀሪካን ልንገራችሁ። የቤታችን ጣሪያ 40 ካሬ ሜትር ነው ብንል ጅማ ላይ በዓመት 60,000 ሊትር ያርፍበታል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 3,000 ይሞላል! ድሬዳዋ ላይ ያው ጣሪያ 1,200 ጀሪካን ነው። ሁሉንም መያዝ አይቻልም፣ ግማሹ እንኳ አይያዝም። ግን አሸንዳና በርሜል ያለው ሰው ለልብስ፣ ለወለል፣ ለሽንት ቤት የሚሆነውን ከሰማይ ያገኛል። የመጀመሪያውን ዝናብ ጣሪያውን እስኪያጥብ መልቀቅ፣ ከዚያ መቅዳት ነው። የድሬዳዋ ሰው የሚጠጣው ከጉድጓድ የሚሳብ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። እሱንም የሚሞላው ዝናብ ነው።

ይህን የምለው ለምን መሰላችሁ? እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። የማይመጣ ቀን ጀሪካን የሚሸከመው ማነው? አጎቴ አይደለም። እማዬና እኔ ነን።

«ፀሐያማ ከተማ ጎርፍ የለባትም» የሚል ካለ ደግሞ ደቻቱን ይጠይቅ። ደቻቱ ድሬዳዋን መሃል ለመሃል የሚያቋርጥ ወንዝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ውሃ የሌለው ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ መጣና ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ዝናቡ በብዛት የወረደው ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች ላይ ነው። ሰዎቹ ተኝተው ነበር። እዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አልፈልግም፣ ያሳዝነኛል። ግን ቤት ስንከራይ ከወንዙ ስንት ሜትር እንደሚርቅ አባቴ መጠየቅ አለበት፤ ድሬ ከሄድን ማለቴ ነው።

ትንኝም እንደዚሁ ነው። ትንኝ ጭቃና ረግረግ ብቻ የሚወድ ይመስለን ነበር። የሳይንስ መምህራችን ግን አኖፊለስ ስቴፈንሲ ስለምትባል የወባ ትንኝ ነገሩን። ይህች ትንኝ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በታንከር በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ በበጋ ወባ የተስፋፋው ከእሷ ጋር ተያይዞ ነው። ውሃ ሲጠፋ ሰው ያጠራቅማል፣ ያጠራቀመውን ካልከደነ ትንኟ ትገባለች። ጅማም ወባ አለ፣ አጎበር እዚያም ያስፈልገናል። የኔን የዝናብ በርሜልም መክደን ግዴታ ነው።

ጅማ ችግር የለባትም ወይ? አለባት እንጂ። ልብስ አይደርቅም። ቅዳሜ የታጠበ ዩኒፎርም ሰኞ ጠዋት እርጥብ ነው። አንድ ዩኒፎርም ብቻ ያለው ልጅ ወይ እርጥቡን ይለብሳል ወይ ከሰል ላይ ያደርቃል፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ደግሞ ሰው ይገድላል። ጫማ ይሻግታል፣ ደብተር ይረጥባል። ለዚህ ግን መላ አለው። አባቴን «ከዕቃ ማጓጓዣው ብር ላይ ሁለተኛ ዩኒፎርምና የላስቲክ ቦቲ ይታሰብ» ብዬዋለሁ። ሳቀብኝ። እኔ ግን የምሬን ነው፤ ለጭቃ ቦቲ ይገዛል፣ ለ35 ዲግሪ ግን ምን ይገዛል? ማራገቢያ? መብራት ሲጠፋስ?

አንድ ሰው ብቻ ነው የማልከራከረው፣ እማዬን። እማዬ ጉልበቷን ቁርጥማት ይይዛታል። በክረምት ማታ ማታ በቅባት የማሻት እኔ ነኝ። «ሙቀት ያለበት ብሄድ ይለቀኝ ነበር» ትላለች። ይሄ እንደ አጎቴ ወሬ አይደለም፣ እውነት ሕመም ነው። ድሬዳዋ ለጉልበቷ ትሻል ይሆናል። ግን ጉልበት የሚታመም ሰው ውሃ በጠፋ ቀን 20 ሊትር ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣስ? እኔ ትምህርት ቤት ነኝ፣ አባቴ ሥራ ነው። እሷ ናት ቤት የምትቀረው። ይህን ስነግራት ዝም አለች። እሺም አላለች፣ እንቢም አላለች። አባቴ አሁንም ወደ ድሬ ያደላል።

ስለዚህ ከጅማ ወይም ከድሬዳዋ የመጣችሁ ተማሪዎችና መምህራን፣ እባካችሁ አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበቡ ሳጥን ውስጥ ጨምሩልኝ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሰፈራችሁ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣ ነበር? በማይመጣበት ቀንስ ከየት፣ ማን ነበር የሚቀዳው? ፀሐይ ነው ዝናብ ነው የሚለውን ተዉት፣ እሱን ሁሉም ነግሮኛል። እስከ ሰኔ 20 ድረስ ከደረሰኝ እራት ላይ ለአባቴ አነብለታለሁ።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል