የሞጆ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ለገበሬው ይዋል

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ሞጆን አልፎ አዲስ አበባ ደረሰ። የእንፋሎት ባቡር ውኃ ሳይቀዳ ሩቅ መሄድ ስለማይችል በየርቀቱ ጣቢያ ተተከለ። በጣቢያው ዙሪያ ገበያ፣ በገበያው ዙሪያም ከተማ ቆመ። ሞጆ በዚህ መንገድ ካደጉት ከተሞች አንዷ ናት።

ዛሬ በአሮጌው ሐዲድ በሞጆ የሚያልፍ ባቡር የለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ መስመር ይዟል፤ የሞጆ ደረቅ ወደብም የአገሪቱን ገቢና ወጪ ንግድ ያገለግላል። ሁለቱም ጠቃሚ መሆናቸው አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ኮንቴይነር አንድ ኩንታል ጤፍ በአህያ ጭኖ ለሚመጣ ገበሬ የተሠራ አይደለም። ማከማቻ የሌለው ገበሬ በመኸር ወቅት፣ ዋጋ በወደቀበት ጊዜ፣ ነጋዴው በቆረጠለት ሒሳብ ለመሸጥ ይገደዳል።

በመሆኑም የአሮጌው ጣቢያ ሕንጻ በቅርስነቱ ተጠብቆ፣ ግቢው የአካባቢው ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የእህል መጋዘን፣ ሚዛንና መሸጫ የሚያቆሙበት ቢሆን ተገቢ ነው። ቅርስ ነው ተብሎ የተቆለፈ ቤት በዝናብና በምስጥ ያልቃል፤ ሥራ ያለበት ቤት ግን ጠጋኝ አያጣም። የሚመለከታቸው የከተማና የግብርና ኃላፊዎች ከማኅበራቱ ጋር መክረው ሊያስቡበት ይገባል። ባቡሩ ባይመለስም ገበያው ሊመለስ ይችላል።