የጎንደር ቅዱሳት ሥዕላት በፖስታ ቴምብር ላይ



ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በሚወርዱበት በጥምቀት በዓል ጎንደርን የሚሳለም እንግዳ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳያይ አይመለስም። አድያም ሰገድ ኢያሱ የመሠረቱት ይህ ደብር በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማይቱን ሲያቃጥሉ ከጥፋት ተርፏል። ንቦች እንደ ጠበቁትም በትውፊት ይነገራል። ከጣራው ቁልቁል የሚመለከቱት የመላእክት ገጾች ዛሬ በዓለም ዙሪያ የጎንደር መታወቂያ ሆነዋል።

እንዲህ ያለውን ሥዕል ለሩቅ አገር ሰው ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ የፖስታ ቴምብር ነው። አገራችን የፖስታ ሥራ የጀመረችው በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፓሪስ የታተሙት 7ቱ የመጀመሪያ ቴምብሮች የንጉሠ ነገሥቱንና የአንበሳን ምስል የያዙ ነበሩ። ፈረንሳይ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታዋቂ ሥዕሎችን በተከታታይ ቴምብሮች አሳትማለች። አሜሪካም በ1966 እ.ኤ.አ. የሜምሊንግን የእመቤታችንና የሕፃኑን ሥዕል ለገና ቴምብር አውላለች።

ይሁን እንጂ ቅዱስ ሥዕል በእኛ ዘንድ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ምእመናን በፊቱ ይጸልያሉ። ቴምብር ግን የፖስታ ቤት ማኅተም ይመታበታል፤ ፖስታውም ከተነበበ በኋላ ይጣላል። ስለዚህ ማሳወቅንና ማክበርን አንድ ላይ ማስኬድ ያስፈልጋል። ማኅተሙ የቅዱሱን ገጽ እንዳይመታ ሥዕሉን በጥንቃቄ መንደፍ፣ ከሥሩም የደብሩንና የቅዱሱን ስም መጻፍ ይገባል።

የስሙ ነገር ቀላል አይደለም። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እንዳሠሩት የሚነገረው የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል በተመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ተወስደዋል። በምትካቸው ግልባጭ ተለጠፈ፤ ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ግልባጭ እዚህ፣ ዋናው እዚያ መቅረቱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ቴምብርም ያው ግልባጭ ነው። የሚያስመሰግነው ዋናውን እንድንጠብቅ ሲያነቃን ነው። እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ቴምብር ሲያጠራቅሙ ሥዕሉ የየትኛው ደብር እንደሆነ ጠይቋቸው። ደብሩን ሲሳለሙም ግድግዳውን በእጅ እንዳይነኩ፣ ጧፍ እንዳያስጠጉ አስተምሯቸው። ክዳኑ ያፈሰሰ፣ ግድግዳው የረጠበ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ በሺህ ቴምብር ቢታተም የሚተርፈው ወረቀቱ ብቻ ነውና።